የጤና መድህን ካርድ በድሬ፦ ሦስት ዓመት ይዤው ያየሁትን ልንገራችሁ

እማዬ የአንድ ወር የግፊት መድኃኒቷን ሁለት ወር ታደርሰው እንደነበር ያወቅኩት ቤት ሳጸዳ ነው። ከአልጋዋ ራስጌ፣ ከዳዊቷ ስር፣ ሦስት እሽግ አምሎዲፒን ተደራርቦ አገኘሁ። ከጎኑ ደግሞ በምላጭ ለሁለት ለሁለት የተከፈሉ ፍሬዎች በወረቀት ተጠቅልለዋል። ቆጠርኩት። በቀን አንድ ብትውጥ ኖሮ ካለቀ ሃያ ቀን ሊያልፈው ይገባ ነበር።

"እማ፣ ይሄ ምንድን ነው?" አልኳት።

"ሲያዞረኝ ነዋ የምውጠው። ሳያዞረኝ ለምን እጨርሰዋለሁ?"

ሐኪሙ በየቀኑ ብሏታል። ታውቃለች። ግን መድኃኒቱን የምገዛው እኔ መሆኔንም ታውቃለች፤ በዚያ ወር ሱቁ እንዴት ቀዝቅዞ እንደነበር፣ የባለቤቴ ባጃጅ ሞተር ተበላሽቶ ሁለት ሳምንት እንደቆመ፣ የልጁ የትምህርት ቤት ክፍያ እንዳልተከፈለ፣ ሁሉንም ታውቃለች። ስለዚህ መድኃኒቱን እንደ ስኳር ትቆጥበው ነበር። እኔ ደግሞ እማዬ ጎበዝ፣ ብዙ ብር አታስወጣም እያልኩ በሆዴ አመሰግናት ነበር። አሁን ሳስበው ያሳፍረኛል።

ይሄ የሆነው የጤና መድህን ካርድ ከማውጣታችን በፊት ነው። ካርዱን ካወጣን ሦስት ዓመት አለፈን። አንዱን ዓመት በራሴ ጥፋት አጣሁት፤ እሱን እነግራችኋለሁ። ሰሞኑን ሱቄ የሚመጡ ሰዎች "እውነት ይጠቅማል ወይስ ዝም ብሎ መዋጮ ነው?" እያሉ ሲጠይቁኝ በየቀኑ ከመለፍለፍ አንዴ ልጻፈው ብዬ ነው። የመንግሥት ሰው አይደለሁም። ፎቶ ኮፒ ቤት ነው ያለኝ፣ ሳቢያን አካባቢ።

መጀመሪያ ምን እንደሆነ። ሙሉ ስሙ ማህበረሰብ አቀፍ ጤና መድህን ይባላል፤ ቢሮ ውስጥ "ማአጤመ" ይሉታል፣ ሰው ግን መድህን ካርድ ነው የሚለው። የተፈጠረው ደሞዝ ለሌለን ነው። ለገበሬው፣ ለቀፊራ ገበያ ነጋዴዋ፣ ለጫት ሻጯ፣ ለባጃጅ ነጂው፣ ለልብስ ሰፊው፣ እንደኔ ኮፒ ለምታደርገው። በ2003 ዓ.ም. በትግራይ፣ በአማራ፣ በኦሮሚያና በደቡብ በ13 ወረዳዎች ለሙከራ ተጀመረ፤ ከዚያ እየሰፋ እየሰፋ እኛም ጋ ደረሰ። በዓመት አንዴ ለቤተሰቡ መዋጮ ትከፍላላችሁ። ዓመቱን ሙሉ ውል በገቡ የመንግሥት ጤና ጣቢያዎችና ሆስፒታሎች ስትታከሙ ለካርድ፣ ለምርመራ፣ ለላብራቶሪ፣ ለመድኃኒት፣ ለአልጋ ከኪስ አትከፍሉም። ሐሳቡ ይኼው ነው።

መዋጮው ስንት ነው ለምትሉ፣ እንደየቦታው ይለያያል፣ በየጊዜውም ይሻሻላል፣ ስለዚህ ቀበሌያችሁ ጠይቁ። እኔ የምነግራችሁ አንድ ነገር ነው። ለዓመቱ የከፈልኩት ገንዘብ ከዚያ በፊት ልጄን ለአንድ ቀን ብቻ የግል ክሊኒክ ወስጄው ለምርመራና ለመድኃኒት ካወጣሁት ያንሳል። ባለቤቴ ሂሳቡን በጫት ነው የሠራው፤ ስንት ቀን በርጫ እንደሚሆን ቆጥሮ ሳቀ። ቁጥሩን እዚህ አልጽፈውም፣ ይጣላኛል።

እማዬን ለማሳመን ግን ሂሳብ አልሠራም። "ሳልታመም ልክፈል? ሟርት ነው" አለች። እድርን አነሳሁባት። እድር ስትከፍይ ማን ሊሞት ነው ብለሽ ነው? ወር ጠብቀሽ ትከፍያለሽ፣ የማንም ቤት ሐዘን ሲገባ ድንኳኑም ወንበሩም ይመጣል። ይሄም እንደዚያ ነው፣ ልዩነቱ ቆመሽ እያለሽ መምጣቱ ነው አልኳት። ትንሽ ዝም አለችና "የቁም ተዝካር ሰምቼ ነበር፤ የቁም እድር ግን ዛሬ ገና ሰማሁ" አለች። እሺ ማለቷ ነበር። እናቴ በቀጥታ እሺ ብላ አታውቅም።

ምዝገባው በቤተሰብ ነው። ይሄን ብዙ ሰው አይወደውም። አንዱ ደንበኛዬ "እኔ ጤነኛ ነኝ፣ እናቴን ብቻ ላስመዝግብ" ብሎ ተከራክሮ ነበር። አይቻልም። ለምን እንደማይቻል ማሰብ ነው። ሁሉም ከቤቱ የታመመውን ብቻ መርጦ ቢያስመዘግብ የመዋጮው ሳጥን ውስጥ የሚገባው ትንሽ፣ የሚወጣው ብዙ ይሆንና በስድስት ወሩ ባዶ ይቀራል። እድር ውስጥም የታመመ ሰው አልጋ ላይ ሆኖ ልመዝገብ ቢል ዳኛው ምን እንደሚለው ታውቃላችሁ። እኛ ቤት እኔ፣ ባለቤቴና ሁለቱ ልጆች በአንድ መዋጮ ገባን፣ እማዬ ተጨማሪ ተከፈለላት። ለሁላችንም ጉርድ ፎቶ ተጠየቅን። ፎቶውን ራሴ አተምኩት፤ እዚያ ላይ አተረፍኩ።

አሁን ወደ ጥሩው ነገር።

ጥሩው ነገር ገንዘቡ አይደለም፣ ወይም ገንዘቡ ብቻ አይደለም። ሰው በጊዜ መሄድ ይጀምራል። ልጄ አንድ ሌሊት አተኮሰው። ድሬ ውስጥ ትኩሳት ምን ማለት እንደሆነ ለድሬ ልጅ አልነግርም። በ2006 ዓ.ም. ዴንጊ የሚባለው የትንኝ ትኩሳት መጣብን። በ2011 ዓ.ም. ክረምት ቺኩንጉኒያ ገባና ከተማው በሙሉ አነከሰ፤ ወጣቱ እንደ ሽማግሌ ጉልበቱን ይዞ ደረጃ ሲወጣ በዓይኔ አይቻለሁ። በ2014 ዓ.ም. ደግሞ ወባው ዩኒቨርሲቲው ድረስ ገብቶ ተማሪውን አስተኛው፤ አዲስ የመጣችው የወባ ትንኝ እንደ ድሮዋ ረግረግ አትፈልግም፣ ከተማ ውስጥ በርሜላችንና ሮቷችን ውስጥ ነው የምትፈለፈለው። ውኃ አጠራቅሞ ለሚኖር ከተማ ይሄ ምን ዓይነት ዕዳ እንደሆነ አስቡት። ስለዚህ ሲያተኩስ የትኛው እንደሆነ በግምት አይታወቅም፣ ደም መታየት አለበት።

ድሮ ቢሆን ፓራሲታሞል ሰጥቼ ሦስት ቀን እጠብቃለሁ። "ይለፍለታል" እላለሁ። ይለፍለታል ማለት ብር የለኝም ማለት ነው፤ እናቶች ሁላችንም እናውቀዋለን፣ ጮክ ብለን ግን አንለውም። በካርዱ ግን ጠዋት በአስራ ሁለት ሰዓት ተነስቼ ጤና ጣቢያ ወሰድኩት። ፀሐይዋ ሳትወጣ ወረፋ ያዝን። ደሙ ታየ፣ ወባ ነበር፣ መድኃኒቱን ሰጡን፣ በአራት ሰዓት ሱቄን ከፍቼ ነበር። ቦርሳዬን አንዴም አልከፈትኩም። ስመለስ ባጃጅ ውስጥ ሆኜ ምን እንደጎደለ ማሰብ ጀመርኩ፤ የሆነ ነገር የረሳሁ መስሎኝ ነበር። የጎደለው ለካ ጭንቀቱ ነው። ከማን ልበደር፣ ለወንድሜ ልደውል፣ እቁቡ መቼ ነው የሚለው።

እማዬም አሁን በየወሩ ትሄዳለች። ግፊቷን ትለካለች፣ ቀጠሮ ታስይዛለች፣ መድኃኒቷን ትቀበላለች። ድሪያዋን ለብሳ፣ ካርዷን በመሐረብ ቋጥራ፣ ከአዴ ጋር ሆነው በጠዋት ሲወጡ ገበያ የሚሄዱ ነው የሚመስሉት። አዴ የጎረቤታችን የኦሮሞ እናት ናት፣ ስኳር አለባት። ወረፋ ላይ ተቀምጠው የሰፈሩን ሁሉ ሐሜት ይጨርሳሉ። ምላጯን ደግሞ ወሰድኩባት።

ስለ አዴ አንድ ነገር ልጨምር። እሷ መዋጮ አትከፍልም። መክፈል የማይችሉ ተብለው የተለዩ ቤተሰቦች አሉ፤ የነሱን መንግሥት ነው የሚከፍለው። የሚለዩት በሰፈሩ ሰው ነው። እዚህ ላይ ቅሬታ አይጠፋም፤ ለምን እሷ ገባች፣ እኔ ቀረሁ የሚል አለ። ግን የአዴን ጎጆ ያየ ሰው አይከራከርም። የወደድኩት ደግሞ መስኮቱ ላይ ስንደርስ ካርዷም ካርዴም እኩል መሆኑን ነው። ድሮ የነፃ ታካሚ ለመሆን ቀበሌ ሄደህ ድህነትህን በደብዳቤ ታስጽፍ ነበር፤ በታመምክ ቁጥር።

አሁን ወደ መጥፎው። ይሄም ረጅም ነው።

አንደኛ፣ መድኃኒት። ሐኪሙ ያያል፣ ይጽፋል፣ መድኃኒት ቤቱ መስኮት ላይ ስትደርሱ "የለም" ይባላል። የትኛው ጤና ተቋም እንደሆነ ስሙን አልጠራም፤ ሠራተኞቹን አውቃቸዋለሁ፣ ጥፋቱም የነሱ ብቻ አይደለም። ባለፈው ዓመት በተከታታይ ሁለት ወር የእማዬ አምሎዲፒን አልነበረም። በመስኮቱ ቀዳዳ ልጅቷ የእማዬን ማዘዣ ተቀበለች፣ ኮምፒውተሩን ሳታይ "የለም" ብላ መለሰችው። "ሳታዪ?" አልኳት። "እናቴ፣ ከጠዋት ጀምሮ አርባ ሰው ጠይቆኛል" አለችኝ። ምን ልበላት? ጀርባው ላይ "የለም" ብላ ማኅተም መታችልኝ፣ ከውጭ ገዛሁ።

እዚህ ጋ አንድ ጠቃሚ ነገር። ማኅተም የሌለበት "የለም" ዋጋ የለውም። እኔ ገንዘቤ የተመለሰልኝ ማዘዣው ላይ ማኅተም ስለነበር፣ ከውጭም የቲን ቁጥር ያለው ደረሰኝ ስለተቀበልኩ ነው። በመጀመሪያው ወር በብጣሽ ወረቀት የተጻፈ ደረሰኝ ይዤ ሄጄ እየተሳሳቁ መለሱኝ። በሁለተኛው ወር በትክክለኛው ሄድኩ፣ ሦስት ጊዜ ተመላልሼ ተከፈለኝ። ሦስት ጊዜ ሱቅ መዝጋት ከመድኃኒቱ ዋጋ ይበልጣል፤ እልህ ይዞኝ ነው የጨረስኩት። የእናንተን አሠራር ግን አስቀድማችሁ ጠይቁ።

መድኃኒቱ ለምን ይጠፋል? እኔ የገባኝን ልንገራችሁ። ጤና ጣቢያው እኔን በካርድ ሲያክም ብር አይቀበልም፤ የሰጠውን አገልግሎት መዝግቦ ሂሳቡን ለመድህኑ ጽሕፈት ቤት ይልካል፣ ጽሕፈት ቤቱ ይመረምርና በኋላ ይከፍላል። ጤና ተቋሙ ደግሞ የውስጥ ገቢውን መልሶ መድኃኒት ይገዛበታል። ስለዚህ ክፍያው ከዘገየ መግዣው ያጥራል፣ መደርደሪያው ይራቆታል፣ እማዬ ባዶ እጇን ትመለሳለች። በዚያ ላይ ድሮ "ይለፍለታል" ሲል የነበረው ሰው ሁሉ አሁን መጥቷል፤ ታካሚው በዝቷል፣ መስኮቱ ግን ያው አንድ ነው። የሚያስፈራኝም ይሄ ነው። "የለም" ሁለት ሦስት ጊዜ የሰማ ሰው በሚቀጥለው ዓመት አያድስም። እማዬም በዚያ ሁለት ወር መልሳ መቆጠብ ጀምራ ነበር። ምላጩን ወስጄባት በጥርሷ ነበር የምትከፍለው፣ አምላኬን!

ሁለተኛ፣ ሪፈር። ዘለህ ሆስፒታል መግባት የለም። መጀመሪያ ጤና ጣቢያ፣ ከዚያ ከአቅማቸው በላይ ሲሆን ሪፈር ይጻፍልሃል፣ ወደ ሳቢያን ሆስፒታል ወይም ወደ ድል ጮራ። ሰው ይሄን እንደ ማንገላታት ያየዋል። እኔም መጀመሪያ አይቼው ነበር። ግን ጉንፋን የያዘው ሁሉ ድል ጮራ ቢሰለፍ ኦፕራሲዮን የሚጠብቀው ሰው የት ይሂድ? ሐሳቡ ትክክል ነው። አፈጻጸሙ ነው የሚያደክመው፤ ቀኑ ያለፈበት ሪፈር ይዞ የሄደ ሰው ተመልሶ ያንኑ ወረቀት ለማሳደስ ግማሽ ቀን ያጠፋል። ለድንገተኛ ግን ወረቀት ፍለጋ እንዳትዞሩ፣ በቀጥታ ድንገተኛ ክፍል ግቡ። ካርዱ ኪሳችሁ ውስጥ ይኑር ብቻ።

ሦስተኛ፣ የማይሸፍነው ነገር አለ። የእማዬን መነጽር ራሳችን ነው የገዛነው። ሰው ሠራሽ ጥርስ፣ ለቁንጅና የሚደረግ ሕክምና፣ ውጭ አገር ሄዶ መታከም አይሸፍንም። የግል ክሊኒክ በካርዱ መታከምም አይታሰብ። በተቃራኒው ደግሞ ያለ ካርድም ነፃ የሆኑ አሉ፤ ክትባት፣ የቲቢና የኤችአይቪ ሕክምና፣ የቤተሰብ ምጣኔ፣ በጤና ጣቢያ መውለድ። አንዷ ደንበኛዬ "ልወልድ ነው፣ ካርድ ላውጣ" ብላ ስትሮጥ ተረጋጊ፣ እሱ ድሮም ነፃ ነው ብያታለሁ። ካርዱን አውጪ፣ ግን ከወለድሽ በኋላ ላለው ነው፤ ልጅ የሚያስወጣው ከተወለደ በኋላ ነው።

አሁን የራሴ ጥፋት። ሁለት ናቸው፣ ሁለቱም ያሳፍራሉ።

ካርዱ እንደተሰጠኝ ሱቅ ወስጄ ላሚኔት አደረግኩት። ማሽኑ የኔ፣ ፕላስቲኩ የኔ፣ ድሬ ላብ በላብ ናት፣ ወረቀት በሳምንት ይበሰብሳል ብዬ። አማረ። ለጎረቤቶቼም በነፃ ሠራሁላቸው፣ አምስት ቤት ይሆናል። በዓመቱ ለእድሳት ስንሄድ ሠራተኛው ካርዱን አገላብጦ አየውና "ማኅተሙን የት ላሳርፈው?" አለኝ። የእድሳቱ ቦታ ፕላስቲክ ውስጥ ተቀብሯል። ማኅተም ፕላስቲክ ላይ ሲመታ በጣት ይጠፋል። እኔ ብቻ አይደለሁም፣ አምስቱም ጎረቤቶቼ ከኋላዬ ተሰልፈው ነበር፤ አዴ ሁኔታው ሲገባት እስክታለቅስ ሳቀች። በምላጭ ስንልጠው የሁለቱ ፎቶ ተቀደደ። ያቺ የእማዬ ምላጭ ለአንድ ቀን ተመልሳ ሥራ አገኘች።

ሁለተኛው ጥፋቴ ከባድ ነው። በሁለተኛው ዓመት የእድሳቱ ጊዜ አለፈኝ። እድሳት የተወሰነ ወቅት አለው፣ ሲያልፍ የሚቀጥለውን መጠበቅ ነው። ነገ፣ ከነገ ወዲያ፣ ሰሞኑን ደንበኛ በዝቷል እያልኩ አለፈ። በዚያ ላይ ሁላችንም ደህና ነበርን፣ ደህና ስትሆን ደግሞ መዋጮ ይከብዳል። ከዚያ እማዬ ወደቀች። ጓዳ ውስጥ፣ እጇ ተሰበረ። ራጅ፣ ጀሶ፣ ክትትል፣ ሁሉንም በጥሬ ብር ከፈልኩ። ስከፍል ስለ ሌላ ነገር አላሰብኩም። ያን ጠዋት ለእድሳት ልሄድ ተነስቼ አንድ ደንበኛ ሃያ ገጽ ኮፒ ስለጠየቀኝ የቀረሁበትን ቀን ነበር የማስበው።

ወንድሜ ጋ ልምጣ፤ የዚህ ሁሉ አስቂኝ ነገር እሱ ነውና። ታናሼ ነው፣ ኢንዱስትሪ ፓርክ ውስጥ አካውንታንት ሆኖ ይሠራል። የተማረው እሱ፣ ደሞዝ ያለው እሱ፣ መድህን የሌለው እሱ። ምክንያቱም የኛ ካርድ ለደሞዝተኛ አይደለም። ለደሞዝተኛ የታሰበው ሌላ ነው፣ ማህበራዊ ጤና መድህን የሚባለው። አዋጁ፣ ቁጥር 690፣ በ2002 ዓ.ም. ወጣ። በኋላ በወጣው ደንብ ሠራተኛው ከደሞዙ 3 በመቶ፣ አሠሪው 3 በመቶ፣ ጡረተኛው ከጡረታው 1 በመቶ እንዲከፍል ተባለ። ያኔ ብዙ ደሞዝተኛ አጉረመረመ። ወንድሜም "ከደሞዜ ቆርጠው ወረፋ ሊያስጠብቁኝ?" ሲል ትዝ ይለኛል፤ ተማሪ ነበር ገና፣ ደሞዙን አስቀድሞ ያዝንለታል። ይኸው እስከ ዛሬ የደሞዝ መክፈያ ወረቀቱ ላይ ግብር እና ጡረታ ይቆረጣል፣ ለጤና መድህን የሚል መስመር የለም።

አምና ትርፍ አንጀት ያዘው። ሌሊት ነው፣ ደውሎ ሲያቃስት ባለቤቴ በባጃጅ በረረ። ወደ አንድ የግል ሕክምና ወሰዱት፣ በዚያው ሌሊት ኦፕራሲዮን ሆነ፣ ዳነ፣ ክብር ለእግዚአብሔር። በማግሥቱ ሂሳቡ መጣ። እህትማማቾቹ አዋጣን፣ የሱን እቁብ አስቀድመው እንዲሰጡት ዳኛውን ለመንን፣ ሚስቱ ቀለበቷን አሲያዘች። የሚሠራበት ድርጅት መጥፎ አይደለም፣ ፈቃድ ሰጡት። በአሠሪና ሠራተኛ አዋጁ፣ በ1156/2011፣ የታመመ ሠራተኛ የመጀመሪያውን ወር ሙሉ ደሞዝ፣ ቀጣዮቹን ሁለት ወር ግማሽ ያገኛል፣ ከዚያ ያለው ሦስት ወር ያለ ክፍያ ነው። እሺ፣ ደሞዙ አልቀረበትም። የኦፕራሲዮኑን ሂሳብ ግን ደሞዝ አይችለውም።

ተኝቶ ሳለ አጠገቡ ተቀምጬ በስልኬ ሂሳብ ሠራሁለት። 10,000 ብር ደሞዝ ያለው ሰው 3 በመቶ ማለት በወር 300 ብር ነው፤ አሠሪው ሌላ 300 ይጨምራል። 300 ብር ሳይታመም በየወሩ ሲቆረጥ ያንገበግባል፤ አውቃለሁ፣ ዛሬ ኑሮው በዚህ ዋጋ። ግን ሠራተኛ ብቻውን ቆሞ 300 ብር ቢያስቀምጥ በዓመቱ 3,600 ብር ነው ያለው፣ በሱ ኦፕራሲዮን አይሠራም። ሺህ ሠራተኛ ቢያስቀምጥ ግን በዚያ ዓመት ትርፍ አንጀት የሚይዛቸው ጥቂቶች ናቸው። ወንድሜ አካውንታንት ነው፣ ሂሳቡ ገብቶታል። "ሂሳቡን አልክድም፣ እንደናንተ መስኮት 'የለም' ከተባልኩ ግን 300 ብሬን ነው የምጠይቀው" አለኝ። ተሰፍቶ እንኳ ይከራከራል። ግን ልክ ነው፤ መድኃኒት ቤቱ ሳይሞላ ደሞዝተኛውንም እዚያው ወረፋ ላይ መጨመር ትርፉ ጠብ ነው።

ሌላው የምጠብቀው ማሻሻያ ሳጥኑ እንዲሰፋ ነው። ሲጀመር መድህኑ በየወረዳው ለየብቻው ነበር የቆመው። ትንሽ ሳጥን በአንድ ክፉ ዓመት ይራቆታል፤ እንደ ቺኩንጉኒያው ዓይነት ክረምት አንዱ አካባቢ ላይ ሲወርድ አስቡት። ገንዘቡ ሰፋ ባለ ደረጃ ሲሰበሰብ የታመመውን ያልታመመው ይደግፈዋል። ሌላ ከተማ የሄደ ሰውም ካርዱ ቢሠራለት ጥሩ ነው፤ እኛ ድሬዎች እግራችን አያርፍም፣ ግማሻችን ሐረር ግማሻችን ጅግጅጋ ነን።

ስንት ኮከብ ትሰጪዋለሽ አለኝ ወንድሜ ይሄን ስጽፍ አይቶ። ለሐሳቡ አምስት፣ ለመስኮቱ ሁለት አልኩት። ለራሴ ደግሞ አንድ፣ ላሳለፍኩት እድሳት። እማዬ ሰምታ "ለምላጬስ?" አለች።

ትናንት ማታ ሱቅ ልዘጋ ስል አንድ ባጃጅ ነጂ መጣ። ሞተሩን ሳያጠፋ በር ላይ አቆመና "እህት፣ ይቺን ላሚኔት አድርጊልኝ፣ እየተቀደደችብኝ ነው" ብሎ መድህን ካርዱን ዘረጋልኝ። ላሚኔት የለም አልኩት፣ በላስቲክ ማቀፊያ ላድርግልህ፣ ማውጣት ማስገባት ትችላለህ። እሺ አለ። ካርዱን ላስገባ ስገልጠው የእድሳቱ ቦታ ባዶ ነው። የሚስቱ ፎቶ አለ፣ የሦስት ልጆች ፎቶ አለ፣ የዘንድሮ ማኅተም የለም።

"ወንድሜ፣ አላሳደስክም እንዴ?"

"ነገ ነገ እያልኩ..."

"እስከ መቼ እንደሆነ ታውቃለህ?"

አላወቀም። እኔ ግን ቀኑን ከሱቄ ግድግዳ ላይ ለጥፌዋለሁ፣ የእማዬ እጅ ከተሰበረበት ዓመት ጀምሮ። አሳየሁት። ሁለት ቀን ቀርቶታል። ማቀፊያውን ሳይወስድ ካርዱን ብቻ ነጥቆ ባጃጁን አዞረ። "አቦ አሁን ተዘግቷል፣ ጠዋት ሂድ!" ብዬ ጮህኩበት። አልሰማኝም መሰለኝ።